ቆብ ብደፋም አልመነኮስኩም

እህት ዓለሜ፣ አልመነኮስኩም።

ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት የደብዳቤ ወግ ጠፍቶብኝ አይደለም። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው እያሉ የካቶሊክ ትምህርት ቤታችን ሲስተሮች በልጅነታችን እንዴት አድርገው እንደቀረጹን አንቺም አትረሺውም። ነገር ግን ልጅሽ በስልክ የነገረችኝን ከሰማሁ ወዲህ፣ ይህን ወረቀት ስትከፍቺ በአንድ እጅሽ መሐረብ ይዘሽ «ምነው እትዬ፣ ሳትነግሪኝ» የምትዪ እየመሰለኝ፣ እጄ ሌላ ቃል ለማስቀደም እምቢ አለኝ። ስለዚህ እደግመዋለሁ። ገዳም አልገባሁም፤ ስሜም ያው ስሜ ነው። ባለቤትሽ «ታዲያ የልብስ ስፌት መኪናዋን ማን ሊወስዳት ነው?» ብሎ መጠየቁን ሰምቻለሁ። ማንም እንዳይደክም፣ መኪናዋ ያለችበት ተመችቷታል በይልኝ።

አሁን በሥርዓቱ ልግባ። እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ለቀቀሽ? እንቅልፍሽስ? ምግብ ይበላልሻል ወይስ አሁንም የሁሉን ሰው ሳህን ሞልተሽ አንቺ ቆመሽ ትቀማምሻለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደሌ የተለቀው ለዚህ ነውና አንድ ቃል ግማሽ መስመር ቢይዝ አትሳቂ። ጆሮዬ ግን አልደከመም፤ ምላሴም እንደምታውቂው ነው። በስልክ የመጣ ወሬ በስልክ ይታረም ትዪ ይሆናል። የተበላሸው በስልክ ነውና በስልክ አላርመውም። የተጻፈ ነገር ቢያንስ ተመልሰው ያነቡታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔም የራሴን መመንኮስ ከሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአጥሬ ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» የሚላት፣ አንድ ቀን በሲስተሮቹ የሕሙማን ቤት መስኮት በኩል ስታልፍ አየችኝ። ነጭ ቆብ አድርጌ፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቄ ጎንበስ ብያለሁ፤ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ለልጅሽ ደውላ «እትዬ እኮ ቆብ ደፍተዋል» አለቻት። በቋንቋችን ቆብ የደፋች ባልቴት ምን ሆነች እንደሚባል ማንም ያውቃል። ልጅሽ ደንግጣ «የት ሆነው?» ብትላት፣ «እዚያው ሲስተሮቹ ዘንድ ናቸዋ፤ ጠዋት ማታ ይተኩሳሉ» ብላ ጨመረችላት። በዚህ የተነሣ የልጅ ልጅሽ ስልኩን ተቀብላ ገና ደህና ነሽ ሳትለኝ «እማማ፣ መነኩሲት ጠመንጃ ትይዛለች እንዴ?» አለችኝ።

የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የዐረፍተ ነገሩ ነው። «ይተኩሳሉ» ብሎ ማቆም ተሳቢውን መብላት ነው። ምን ይተኩሳሉ? አንሶላ ይተኩሳሉ። የትራስ ልብስ ይተኩሳሉ። ቆቡም ጸጉር አንሶላው ላይ እንዳይወድቅ በሥራ ሰዓት የሚደረግ የጨርቅ ቆብ ነው፤ ማታ ሚስማር ላይ ሰቅዬው ጸጉሬን እያከክሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ ልመንኩስ ብዬ ብሄድ፣ ሲስተሮቹ ሾርባ አጠጥተው በመኪና ይመልሱኛል እንጂ ማን ይቀበለኛል?

ታዲያ እዚያ ምን አገባሽ ትዪኛለሽ። በቁምስናችን ቅዳሴ ላይ የሐዋርያውን መልእክት የማነበው እኔ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ መስመር ተሳስቼ፣ ባሎች ለሚስቶቻቸው እንዲገዙ አዘዝኩ። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ከኋላ በኩል «አሜን» ያለችም ነበረች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉን ለወጣት ዓይን ለቀቅሁ። ለቀቅሁ ማለት ለአፍ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ተቀምጬ ስሰማ እጄን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። አባ አይተውኝ ኖሮ አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አስቀሩኝና፣ «እናቴ፣ እግዚአብሔር የሚፈልገው ድምፅዎን ብቻ ነው ያለዎት ማን ነው? ሲስተሮቹ የሚተኩስ እጅ አጥተዋል» አሉኝ። ከጳውሎስ መልእክት ወደ ትራስ ልብስ ማለት ትንሽ ከፋኝ። ከፋኝም አልከፋኝም፣ በማግሥቱ ሄድኩ።

የመተኮሻው ክፍል ከግቢው ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ረዥም ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተወጥሮ ተሰፍቶበታል። በአንድ ወገን ከማስጫው ገመድ የመጣው ልብስ ይከመራል፤ በሌላው ወገን የተተኮሰው እንደ መጽሐፍ ተደርድሮ ይቆማል። ግድግዳው ላይ መስቀል አለ፤ ከመስቀሉ ሥር ደግሞ የካውያው ሶኬት። መብራት በሄደ ቁጥር ኃላፊዋ፣ አጣቢዋና እኔ፣ ሦስታችንም ወደዚያው ቀና እንላለን። ሲስተሮቹ ይህን እንደ ጸሎት ይቆጥሩልናል። የምናየው ሶኬቱን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ቢሆንም የሚቆጠር ከሆነ አልቃወምም።

አንሶላ ስተኩስ ጫፍ ከጫፍ ካልገጠመ ፈትቼ እንደገና አጥፈዋለሁ፤ ይህን ከእኔ የምትጠብቂው ነው። ለእያንዳንዱ አንሶላ ግን አንድ ጊዜ የእመቤታችንን ሰላምታ፣ ለሚተኛበት ሰው ብዬ እደግማለሁ። ማን እንደሚተኛበት አላውቅም። ለማያውቁት ሰው መጸለይ እንዴት እንደሚቀል ብነግርሽ፤ አመሉን አያውቁትማ። ቅዳሴ ሲያልቅ «በሰላም ሂዱ» ስንባል፣ ዕድሜዬን ሙሉ አሰናበቱን ብዬ ጃንጥላዬን እፈልግ ነበር። አሁን ትእዛዝ ይመስለኛል፤ አንድ ነገር አስይዘው የሆነ ቦታ አድርሱ ብለው የላኩን ይመስለኛል። ወደ መተኮሻው ክፍል የምገባው እንደ ተላከ ሰው ነው።

ብቻ ሁሉም በልኩ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ጨፍኜ በጸሎት ስመሰጥ አንድ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ያን ጊዜ ነው ከሻለቃ ጋር በደንብ የተዋወቅነው። ሻለቃ የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ወታደር ሆና አታውቅም፤ ስሙን ያወጣላት ትእዛዝ አሰጣጧ ነው። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቀጥ ያለች፣ ስትራመድ ወለሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቃት የምትመስል ሴት ናት። የተቃጠለውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችና «ቲቸር፣ ጸሎትዎ አርጓል፤ ጭሱን አይቼዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ገልጬ ነው የምጸልየው። ከእሷም ጋር ተዋደድን፤ ሥራ የምትወድ ሰው ሥራ የሚወድ ሌላ ሰው አይሰወራትም። አንድ ቀን ግን እኔው በምላሴ አበላሸሁት።

በቀትር የጸሎት ቤቱ ደወል ሲደወል ካውያዎቹን እናቆማቸዋለን። ሻለቃ ትመራለች፤ አጣቢዋና እኔ እንቀበላለን። የመልአኩን ብሥራት እንልና በአባታችን ሆይ እንጨርሳለን። ሻለቃ ጸሎት ስትመራ እንደ ትእዛዝ ጥርት አድርጋ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁልጊዜ ትጎድላለች። በደላችንን ይቅር በለን ትላለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ይጠፋል፤ ከዚያ ፈተናው ላይ ብቅ ትላለች። እኔ ዕድሜ ልኬን ልጆችን በቃል ያስጠናሁ ሴት ነኝ። የተዘለለ ሐረግ ጫማዬ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው የሚሆንብኝ። ጥቂት ቀናት ታገሥኩ። ከዚያ አንድ ቀን አሜን ሳይባል «ልጄ፣ አንድ ሐረግ ዘለልሽ» አልኳት። «"እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ይቀራል። ድገሚው።»

አጣቢዋ ባልዲዋን ያዘችና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ሻለቃ ግን ዞር ብላ በዝግታ፣ «አልዘለልኩም ቲቸር» አለችኝ። «የማላደርገውን ለእግዚአብሔር አደርጋለሁ አልለውም። እርስዎን ብዋሽዎት ይሻላል።» ከዚያ ካውያውን ከእጄ ወሰደች። ጥጉ ላይ ያለውን ቅርጫት በአገጭዋ አሳየችኝና «ዛሬ ካልሲ ያጣምሩ» አለች።

የሕሙማን ቤት ካልሲ ምን እንደሆነ አታውቂም። አንዱም ጓደኛ የለውም። ቅርጫቱ ሙሉ ባልቴትና ፈት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ግራጫውን ከግራጫ ሳጋባ ዋልኩ፣ በማግሥቱም ዋልኩ። ሻለቃ «እንደምን አደሩ»ና «ደህና ያምሹ» ከማለት በስተቀር አላነጋገረችኝም። በቀትርም መምራት ተወች። «እናንተው በሉ» ትልና በር ላይ ትቆማለች።

ነገሩን ያስረዳችኝ አጣቢዋ ናት፤ ልብስ እያሰጣን፣ አንሶላ ከለላ አድርገን። «ቲቸር፣ የነኩት ቁስሏን ነው» አለችኝ። ከፊት ለፊት ማድ ቤት የምትሠራው ወጥ ሠሪ የሻለቃ ታላቅ እህት ናት። ባንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር፣ ለዓመታት ቃል አልተለዋወጡም። እናታቸው ሲደክሙ አብራቸው የነበረችው ወጥ ሠሪዋ ናት። ያን ጊዜ ሻለቃ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ገና ከቀዶ ሕክምና መውጣቷ ነው። እናትየው «ለዚያች ልጅ እንዳትነግሪያት፤ ስትድን ትምጣ» አሉ። እህትየውም አልነገረቻትም። ሻለቃ ድና ስትመጣ እናቷ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። «አላሳየችኝም» ትላለች አሉ፤ ሌላ ቃል የላትም። ለቅዱስ ቁርባን የማትቀርበውም ለዚሁ ነው። «አሁን ደግሞ የባሰው መጣ» አለች አጣቢዋ። «ወጥ ሠሪዋን ልጇ ወደ እሱ ሊወስዳት ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ትሄዳለች። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ያልታረቁ፣ አገር ለአገር ሆነው ሊታረቁ?»

እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ሐረግ መዝለል ነው ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁበት። ቅዳሜ ወደ አባ ሄጄ ተናዘዝኩ። ሥርዓቱን ጠብቄ፣ ምን እንዳልኩ፣ በምን ድምፅ እንዳልኩ፣ ማን ፊት እንዳልኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳላስበው ከመናዘዣው ወንፊት በስተጀርባ ሲስቁ ሰማኋቸው። ከዚያ ንስሐ ሰጡኝ። ጸሎት አይደለም፣ ጾምም አይደለም። «እስከሚመጣው ቅዳሜ ድረስ ማንንም እንዳያርሙ» አሉኝ። «አባ፣ ጸሎት ይጨምሩልኝና ይህን ይቀንሱልኝ» ብላቸው «የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው የሰጠሁዎ» አሉ።

እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም የሚለው ሰው ግን ሊነቅዝ ይችላል። የዚያን ሳምንት መከራ ልንገርሽ። ሬዲዮ ወደ ቤቴ መጥታ ስለ እኔ መመንኮስ ለእኔው አወራችልኝ፤ ተሳቢው የት አለ ሳልላት ሸኘኋት። አጣቢዋ ቅዱሳንን ስትጠራ ሁለቱን ቀላቅላ አንድ አደረገቻቸው፤ ሰማይ ቤት ይለዩ ብዬ ተውኩ። በሕሙማን ቤቱ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ሕሙማንን በሃሌታው «ሀ» ጽፈውታል፣ ጸጥታንም በፀሐዩ «ፀ»። በየቀኑ ጠዋት በዚያ በር ስገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው። አንዷ ሲስተር አንገትዎን ያምዎታል እንዴ ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ተቀበልኩ።

ለአጣቢዋ ብቻ የነገርኩት የንስሐዬ ወሬ ሻለቃ ጆሮ ደረሰ መሰለኝ፤ ማን እንዳደረሰው ባልዲው ያውቃል። ረቡዕ በቀትር ሻለቃ ሳትጠየቅ ተነሣችና መምራት ጀመረች። የእመቤታችንን ሰላምታ ከመካከሉ ጀመረችው። ዝም አልኩ። መልአኩን ሚካኤል አደረገችው። ገብርኤል መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሽርጤን ጨበጥኩ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ «የዕለት ካልሲያችንን ስጠን» አለች። ያን ጊዜ አጣቢዋ ፈነዳች፤ ሻለቃም ጠረጴዛውን ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ሻለቃ ዓይኗን ጠርጋ ካውያውን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ይተኩሱ፤ እንዲህ ሆነው ሳይዎት እኔው ነኝ የምታመመው» አለችኝ። ጸሎቱንም ከመጀመሪያው እንደገና፣ በሥርዓቱ አለችው። ያ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን አሁንም ድምፅዋ ጠፋ። እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን እየተኮስን ሳለ፣ ሻለቃ ካውያዋን ሳታቆም «ቲቸር፣ እርስዎ ሰዋስው ያስተማሩ ነዎት» አለች። «ያቺ "እንደ" የምትለዋ ናት የምታስፈራኝ። ይቅር ባልኩት ልክ ይቅር በለኝ ማለት አይደለም? ታዲያ በእኔ ልክ ከሆነ አለቀልኝ።» ከማረም እንጂ ከመመለስ አልተከለከልኩም ብዬ ለራሴ ፈረድኩና፣ የማውቀውን ነገርኳት። ልጄ፣ አልኳት፣ ግሡን እዪው። «እንዳልን» አይልም፤ «እንደምንል» ነው የሚለው። «እንዳልን» ቢሆን ያለቀ ሥራ ነበር፤ ይቅር ማለቱን ያልጨረሰ ሰው አይለውም ነበር። «እንደምንል» ግን ገና ያላለቀ ነው። ይኸው አንቺ ይህን አንሶላ ከጫፉ ጀምረሻል፤ ግማሹ ጨምዳዳ ነው፤ ምን እየሠራሽ ነው ቢሉሽ «እተኩሳለሁ» ትያለሽ፤ ውሸት አይደለም። ዛሬ የጀመረም ይለዋል፤ ነገ እጀምራለሁ ያለም ይለዋል።

ካውያዋ ቆመ። «ነገ እጀምራለሁ ያለም?» አለች። «እሱም» አልኳት። «ከነገ ወዲያስ ያለ?» «እሱ እንኳ ሰነፍ ነው» አልኳት። ካውያዋን እንደገና መግፋት ጀመረች። እኔም የማውቀው እዚያ ድረስ ነው። በኋላ ለአባ ስነግራቸው «የነገረ መለኮት ሊቃውንት ምን እንደሚሉ እንጃ፤ ሰዋስው ከሆነ ግን ከእርስዎ ጋር አልከራከርም» አሉ።

ሐሙስ በቀትር ሻለቃ መራች። እዚያ ቦታ ስትደርስ ትንፋሽ ወሰደች፤ ከዚያ «ይቅር እንደምንል» አለች። ዝቅ ብላ ነው ያለችው፤ ሙቀቱን ለማወቅ ካውያን በጣት ጫፍ እንደሚነኩት። አጣቢዋና እኔ ምንም እንዳልሰማን ሆነን ቀጠልን።

አሁን የሽርጡን ነገር ልንገርሽ። የማድ ቤቱ ልብስ በየቀኑ ወደ እኛ ይመጣል። የወጥ ሠሪዋ ሽርጥ ደረቱ ላይ ቀይ ክር ስለተጠለፈበት ይለያል። ሻለቃ እሱን ባየች ቁጥር በጠረጴዛው ላይ ወደ አጣቢዋ ትገፋው ነበር። ዓርብ ግን አልገፋችውም። ውሃ ረጨችበት፤ ደረቱን ተኮሰች፣ ኪሱን ተኮሰች፤ ማሰሪያዎቹን ሳይቀር፣ ማንም የማይተኩሰውን፣ አንድ በአንድ ዘርግታ ተኮሰች። ከዚያ ሳታጥፈው በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። እኔ የማድ ቤቱን ፎጣ ተሸክሜ ከኋላዋ ነበርኩ። ለመስማት አይደለም፤ ፎጣው መድረስ ነበረበት።

ወጥ ሠሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታማስላለች። የሰው ኮቴ ሰምታ ዞር ሳትል «እዚያ አስቀምጪው» አለች፤ አጣቢዋ መስላታለች። ሻለቃ «ትኩስ ነው» አለች። «ካስቀመጥኩት ይጨማደዳል። ልበሽው።» ማማሰያው ቆመ። ወጥ ሠሪዋ አልዞረችም፤ እጆቿን ብቻ ከጎኗ ትንሽ ራቅ አደረገቻቸው። ሻለቃ ሽርጡን በአናቷ አሳልፋ አለበሰቻትና ማሰሪያውን ከኋላ ማሰር ጀመረች። አስራ አልጨረሰችም፤ ትፈታለች፣ እንደገና ታስራለች። ወጥ ሠሪዋ «ጠበቀ» አለች። «ይጥበቅ» አለች ሻለቃ። ከዚያ፣ «እትዬ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ፎጣውን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ መመለስ ይገባኝ ነበርና ተመለስኩ። ሾርባው ግን በዚያን ቀን አርሮ ነው የመጣው፤ ሕሙማኑም አጉረመረሙ። እኛ ሦስታችን ጠጥተን ጨረስነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልሽም፤ የተጋነነ ነገር አልወድም። ትናንት ከማድ ቤቱ ጩኸት ሰምተን ደንግጠን ብንወጣ፣ እናታቸው ሾርባ ላይ ጨው መጀመሪያ ነበር ወይስ መጨረሻ የሚጨምሩት ብለው ይጨቃጨቃሉ። አጣቢዋ «ተመስገን፣ ተጣሉ» አለች። ዓመታት ዝም ተባብሎ ለኖረ ሰው ጠብ ራሱ ወግ ነው። ዛሬ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ለቁርባን ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። በሰልፍ ላይ ዞሮ ማየት ነውር መሆኑን ስለተማርኩ አልዞርኩም። ወለሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው እርምጃ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌላ ኮቴ ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ወሬ ለማሳመር አይደለም። ወጥ ሠሪዋ የደበቀችው ለክፋት አልነበረም፤ ታመመች ብላ አዝና ነው። በሐዘኔታ የተደበቀ ነገር ምን ያህል ዓመት እንደሚበላ ግን በዓይኔ አየሁ። አንቺም ሐኪም ዘንድ መሄድሽን ልጅሽ አምልጧት ነግራኛለች። ጉልበት ብቻ ከሆነ ጉልበት ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላም ከሆነ ሌላውን ጻፊልኝ። አሮጊት ናት፣ ሩቅ ናት፣ ትደነግጣለች ብለሽ አትዘኝልኝ። ደንግጬ ልጸልይልሽ እችላለሁ፤ ሳላውቅ ግን ምን ብዬ እጸልያለሁ? ከእናንተ ጋር ኑሪ ያልሽኝንም አልረሳሁትም፤ ክፍሉን መስኮት ያለውን እንዳደረግሽው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ክፍሉ ይቆየኝ። ለጊዜው እዚህ የተላክሁበት ሥራ አለ፤ አንሶላውም ብዙ ነው።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ መኪናዋን ስላሰበልኝም አመስግኚልኝ። ለልጅሽ፣ ስልክ ስትሰማ ተሳቢውን ጠይቂ በያት፤ ግንባሯን ሳሚልኝ። ለአማችሽ፣ ያ ሳሉ ለቆት እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ሲጋራውን ካላቆመ ግን መልሱን አውቀዋለሁ። ለልጅ ልጅሽ ሁለት ጉንጯን ስመሽ፣ መነኩሲት ጠመንጃ አትይዝም፣ እማማ ግን ካውያ ይዛለች፣ ከፈለገች ስትመጣ አስተምራታለሁ በያት። ለባለቤትሽ እናት በጆሯቸው ጠጋ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ ንገሪልኝ። አንቺን ደግሞ እመቤታችን በጥላዋ ትሰውርሽ፤ ከመኝታሽ ስትነሺም ስትቀመጪም ትደግፍሽ።

ልጨርስ፤ ነገ ሰኞ ነው፣ ሥራዬም ከወትሮው በዝቷል። ገና እግሬ መሬት ሳይነካ አማትቤ ቀኑን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ቶሎ ብዬ ወጥቼ የመተኮሻውን ክፍል እኔ እከፍታለሁ፤ ለማንም ቁልፍ ሰጥታ የማታውቀው ሻለቃ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጣልኛለችና። መስኮቶቹን እከፍታለሁ፤ ካውያዎቹን አግላለሁ፤ የአዲሱን ወጥ ሠሪ ሽርጥ አውጥቼ እተኩሳለሁ። ሰዎች በበሩ ብቅ እያሉ ኃላፊዋ የት ሄደች ማለታቸው አይቀርም። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃሉ አንድም ሳይጎድል፣ ሻለቃ እህቷን ልትሸኝ አውቶቡስ ተራ ሄዳለች እላለሁ።

እህትሽ
ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ